መቶ ኀምሳ ሦስቱን ዓሣ ማን ቈጠራቸው?

በደማም ከተማ የሚኖር ሰው ትኵስ ዓሣ አምሮት እንቅልፉን ለመሠዋት የወሰነ እንደ ሆነ፣ ከመሸ በኋላ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዳ፣ ጥንት በተምሯና በምንጯ ትታወቅ ከነበረችው ከቀጢፍ ይደርሳል፤ በዚያም ከታሩት ሰላጤና ከዚያ ወዲያ ካለው ባሕር በጀልባ የመጣው ዓሣ በበረዶ ሣጥን ተደርድሮ፣ ደላላው በመካከሉ እየተመላለሰ፣ ሃሙሩን፣ ሳፊውን፣ ሸዕሪውን፣ ከነዓዱን በየተራው እየጠራ ሲያጫርት ይሰማል። ዐረቦቹ ይህን ጫረታ «ሐራጅ» ይሉታል፤ ቃሉን እኛም ከነትርጓሜው ወስደን በባንክና በፍርድ ቤት ማስታወቂያ ላይ እስከ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሆነ፣ በዚያ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ሐበሻ ከዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ቢያንስ አንዱን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እኔ በደማም በአንድ መጋዘን የገቢና የወጪ መዝገብ ስጠብቅ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ዓይኔ ከዕቃው ይልቅ ወደ ጽሕፈቱ የማድላት ልማድ አለው። ስለዚህም በዚያ ምሽት ከደላላው ጎን ቆሞ፣ ሣጥን በተሸጠ ቍጥር የገዢውን ስም፣ የጀልባውን ባለቤት፣ ሚዛኑንና ዋጋውን በደብተር የሚያሰፍረውን ወጣት ስመለከት ቆየሁ። ሚዛኑ የሚነገረው «መን» በሚባል በጥንታዊ መስፈሪያ መሆኑን ስሰማም፣ ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ከተጻፈው ጽሕፈት የፈታው የመጀመሪያው ቃል «ማኔ» ትዝ አለኝ፤ ብዙ ሊቃውንት ያን ቃል ከዚሁ የሚዛን ስም ጋር አንድ ዘር ያደርጉታልና። የንጉሡ መንግሥት ተቈጥሮና ተመዝኖ የተፈረደበት ቃል፣ ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ዳር የሳፊና የሸዕሪ መለኪያ ሆኖ ይኖራል።

ነገር ግን ወደ ሐራጁ የሚደርሰው ዓሣ ከባሕሩ የወጣው ሁሉ አይደለም። ከሐራጁ ወዲህ፣ በዳሪን ዳርቻም ሆነ ከኮበር የባሕር ዳር ጎዳና አጠገብ፣ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ከያዘው ጥቂቱን ለዘመድ፣ ጥቂቱን ለጎረቤት ካካፈለ በኋላ፣ የቀረውን እንደ እኔ ላለው መንገደኛ በፌስታል እያደረገ ይሰጣል፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ደላላ የለም፣ ጸሐፊም የለም፣ ዋጋውም በሁለት ቃል ያልቃል። አንድ ዓርብ ማለዳ እንዲህ ካለው ሰው «ሃሙር ነው» ተብዬ የገዛሁትን ዓሣ ቤት አድርሼ ባለቤቴ ለማጠብ ስትገልጠው፣ ሃሙር አለመሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዋ ቀድማ ዐወቀችው። ሰውየውን ፈልጌ ልጠይቀው እንዳልል ስሙን አላውቅም፣ እርሱም የእኔን አያውቅም፤ በእጄም የቀረ ነገር ቢኖር የዓሣ ሽታ ያለው ባዶ ፌስታል ነበር። ለአርባ ሪያል ብሎ የሚካሰስ የለምና እንደ ወጡ ሁሉ ነገሩም ተበልቶ አለቀ።

ይህም የሆነው የደረሰኝ ሕግ እጅግ በጠበቀበት አገር ነው። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 4 ቀን 2021 ጀምሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ሁሉ ደረሰኙን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲያወጣ ስላዘዘ፣ ዛሬ በደማም አንድ ስኒ ሻይ የጠጣ ሰው እንኳ በነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ምልክት ያለበት ወረቀት ይቀበላል። ሆኖም ዓመታዊ ሽያጩ ከ375,000 ሪያል የማያልፍ ሰው በዚህ ግብር እንዲመዘገብ አይገደድም፤ ይህም ለድኻው ታስቦ የተደረገ መልካም ነገር ነው። እንግዲህ ባለ ትንሽ ጀልባው በሕግ አልበደለም፤ ዳሩ ግን ከግብሩ ነፃ የወጣው ሰው ከቍጥሩም አብሮ ስለ ወጣ፣ ሻዩ ተመዝግቦ ዓሣው ሳይመዘገብ ቀረ። ግብር እና መዝገብ አንድ ነገር መስለው ከታዩ፣ አንዱን የሸሸ ሁሉ ሌላውንም መሸሹ አይቀርም፤ የዚህ ጽሑፌ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ደማምና ኮበር ዛሬ በነዳጅ ዘይት ስም ይጠሩ እንጂ፣ የተተከሉት በዓሣና በዕንቍ ሰዎች እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የደዋሲር ነገድ ሰዎች ከባሕሬን ተነሥተው፣ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ፈቃድ በዚህ ዳርቻ ሰፍረው መረባቸውን ሲዘረጉ፣ ከአሸዋው በታች ያለውን ሀብት የሚያውቅ አልነበረም፤ በመጋቢት 1938 ሰባተኛው የደማም ጕድጓድ ዘይት ካፈለቀ ወዲህ ግን፣ በርሜሉ አንድ በአንድ እየተቈጠረ በዓለም ገበያ ሲነገር፣ የነገዱ የቀድሞ ሥራ ከቍጥር ውጭ ሆነ። አንድ በርሜል ዘይት ከጕድጓዱ እስከ መርከቡ ስንት ጊዜ እንደሚለካ እዚህ የሠራ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ሃሙሩን ግን ማን ለካው?

ለካሁት ያለ ቢኖር እንኳ ልኩ እውነተኛ አለመሆኑ በሰማይ በኩል ተገልጧል። በባሕረ ሰላጤው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ «ሐድራ» የሚባል ጥንታዊ ወጥመድ አለ፤ እንጨት ወይም የተምር ዝንጣፊ በባሕሩ ውስጥ እንደ አጥር ተተክሎ፣ ውኃው ሞልቶ ሲመለስ ዓሣውን በማዕዘኑ የሚያስቀር ነው። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናታቸው፣ እነዚህን አጥሮች ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል ላይ አንድ በአንድ ቢቈጥሩ በ2005 ዓመት ወደ 1,900 የሚጠጉ ሆነው አገኟቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሊይዝ የሚችለውን ገምተው ሲደምሩ 31,000 ቶን ያህል ወጣ። በዚያው ዓመት በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉ መንግሥታት ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስታወቁት ግን 5,260 ቶን ነበር። ከስድስት እጅ አምስቱ በየቤቱ ተበልቶ፣ በየደጃፉ ተሸጦ፣ ከመዝገብ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል ዓሣ የደበቀ ሌባ አልነበረም፤ ከባለ ወጥመዱ እጅ በቀጥታ ወደ በላተኛው እጅ ያለፈውን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር እጅግ የተማሩት፣ መማራቸውንም በብዙ መከራ የከፈሉት፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት የቀደሙት ነገዶች ናቸው። የእነርሱ ዓሣ ሳልመን ይባላል፤ በወንዝ ተወልዶ፣ በባሕር አድጎ፣ ለመውለድ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 የዋሽንግተን ግዛት ገዥ ከነገዶቹ ጋር በተዋዋለው ቃል ኪዳን ምድራቸውን ሰጥተው፣ በልማደኛ ማጥመጃቸው ከሌላው ዜጋ ጋር በጋራ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ለራሳቸው አስቀሩ። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ግን በዚያው መብት የተጠቀመ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታሰር ነበር፤ የኒስኳሊ ነገድ ልጅ የነበረው ቢሊ ፍራንክ ገና በ14 ዓመቱ መታሰር ጀምሮ ከኀምሳ ጊዜ በላይ ታስሯል። በመጨረሻም በየካቲት 12 ቀን 1974 ዳኛው ጆርጅ ቦልት «በጋራ» የሚለውን የውሉን ቃል ተርጕሞ፣ በተያዘው ዓሣ ነገዶቹ እስከ እኩሌታ ድርሻ እንዳላቸው ፈረደ፤ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህን በመሠረቱ አጸናው። ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ዓሣውን ጨረሱ እየተባሉ ይወቀሱ የነበሩት ነገዶች ይይዙ የነበረው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ብቻ ነበር።

የዚህ ፍርድ ምሥጢር፣ በእኔ በመዝገብ ያዡ ዓይን ሲታይ፣ «እኩሌታ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ጠቅላላው የማይታወቅ ነገር እኩሌታ የለውም። ዳኛውም ይህን ስለ ተረዳ፣ አንድ ነገድ አጥማጅነቱን በራሱ ለማስተዳደር ማሟላት ካለበት ነገር መካከል የያዘውን መጠን ማስታወቅን አንዱ አደረገው። ከዚያ በኋላ የኮሎምቢያ ወንዝ አራቱ ነገዶች፣ እነርሱም ያካማ፣ ዩማቲላ፣ ዋርም ስፕሪንግስና ኔዝ ፐርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የጋራ የዓሣ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሥራውም የራሳቸውን የዓሣ ሊቃውንት ቀጥሮ፣ የራሳቸውን ቍጥር ይዞ በመንግሥታቱ ጉባኤ ፊት መቅረብ ሆነ። ለኩባንያ የሚሸጠው ዓሣ በየጊዜው በደረሰኝ ይመዘገባል፤ አስቸጋሪው ግን አጥማጁ በወንዙ ዳር ቆሞ ለመንገደኛው በቀጥታ የሚሸጠው ነው። ገንዘቡ የሚበረክተው በዚሁ በቀጥታው ሽያጭ ሲሆን መዝገቡ የሚሳሳውም በዚሁ ነው፤ ስለዚህም ቍጥሩን በተቆጣጣሪ ምልከታና በጥያቄ መገመት ግድ ይሆናል፣ ገዢውም ደረሰኝ እንዲጠይቅ ይመከራል። ዛሬ ይህን አሠራር ለማሻሻል የሚደረገው ጥረት ከጥቃቅን የቢሮ ሥራ የተቈጠረ ሊመስል ይችላል፤ ለእነርሱ ግን የ1855ቱ ውል ጠበቃ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ቢሆንም የራሱ ሳልመኖች አሉት ብል አጋንኛለሁ አልልም። የሳይንስ ሰዎች «ላቤዮባርበስ» የሚሏቸው፣ እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ ከጣና በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዐሥራ አምስት ያህል ዓይነቶች በዚያ ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ቢያንስ ሰባቱ ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው፣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን እየተከተሉ፣ እንቍላላቸውን በጠጠሩ ላይ ለመጣል ወደ ላይ ይሄዳሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ውኃው እስኪሞላ ሲጠብቁ፣ መረብ የያዘ ሰው በአንድ ሌሊት የዓመቱን ያህል ሊያገኝ ይችላል፤ በላይኛው ወንዝ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን በማስከር ትልቁንም ትንሹንም ባንድነት የሚለቅም አለ።

የደረሰው ጉዳት ይታወቃል፤ የታወቀውም ጥቂት ሰዎች በደብተር ስለ ጻፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ያለው ጀልባና የናይለን መረብ በጣና ከገባ በኋላ፣ የዓሣ ተመራማሪዎች በ1991 ዓመት አካባቢና እንደ ገና በ2001 ዓመት አካባቢ አንድ ዐይነት መረብ ጥለው ቢያመዛዝኑ፣ የነጭ ዓሣው ክብደት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ 75 እጅ ያህል መቀነሱን አገኙ። ይህን ቍጥር ያገኘነው ግን ከጥናት መረብና ከሞተር ጀልባ ነው። በደንገል ታንኳ የሚያጠምደው፣ ያጠመደውንም ፀሐይ ሳይወጣ በባሕር ዳር ዳርቻ ለምትጠብቀው ሴት፣ ወይም ለሆቴል ወጥ ቤት የሚያስረክበው ሰው፣ ምን ያህል ሸጠ ቢባል መላሽ የለም። በስተ ሰሜን ደርቆ፣ በጆንያ ተጭኖ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሄደውንም የቈጠረው አህያው ነው።

በአገሪቱ ጠቅላላ ሀብት ላይም ይኸው ግራ መጋባት አለ። ሐይቆቻችንና ወንዞቻችን በዓመት ሊሰጡ የሚችሉት ዓሣ ለረዥም ጊዜ 51,500 ቶን ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት 94,500 ቶን ሆኗል። ዓሣው በአንድ ሌሊት አልተባዛም፤ የተባዛው ግምቱ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ አዋጁ ስለ ፈቃድ፣ ስለ መረብ ዓይንና ስለ ተከለከለ ጊዜ መናገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ታንኳ ላይ ተቆጣጣሪ ማቆም ለማንም መንግሥት አይቻለውምና፣ ሽያጩን የሚመሰክር ወረቀት ከሌለ አዋጁ በሐይቁ ላይ የሚያየው ዓይን የለውም።

በጣና ደንገል እየጐነጐነ ታንኳ በመሥራት ስሙ የታወቀው ነገደ ወይጦ ነው፤ እርሱ ራሱን ከሚጠራበት ስም ውስጥ «ነገደ» የሚለው ቃል ከአሜሪካው ነገድ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ አይደለም ለማለት እደፍራለሁ። ሁለቱም በውኃው ላይ ከሁሉ ቀድመው የነበሩ፣ ከኋላ በመጡት የተናቁ፣ መሬት የሌላቸው ወይም መሬታቸው የተወሰደባቸው ሕዝቦች ናቸው። አሜሪካኖቹ ግን ቢያንስ የፈረሙት ውል ነበራቸው። የእኛዎቹ በእጃቸው ያለው ልማድ ብቻ ነው፤ ልማድ ደግሞ በፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ ምስክር ይሻል። አንድ ቀን የመዝናኛ ቤት የሚሠራ ባለ ሀብት ዳርቻውን አጥሮ፣ «እዚህ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አልነበረም» ቢል፣ ከአባት እስከ ልጅ በየቀኑ የተሸጠውን የሚናገር መዝገብ ካለ ክርክር ይኖራል፤ ከሌለ ግን ለቅሶ ብቻ ይቀራል።

ሕዝባችን መቈጠርን ለምን እንደሚፈራ ጠንቅቄ አውቃለሁ። በልጅነቴ አያቴ ከብቱን በጣት እየጠቆምሁ ስቈጥር ያየችኝ ዕለት እጄን መትታ ያስተወችኝ በከንቱ አልነበረም፤ ንጉሡ ዳዊት ሕዝቡን በማስቈጠሩ ምን ያህል መቅሠፍት እንደ ወረደ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ስትሰማ ያደገች ናትና። ያን ቆጠራ ያዘዘው ንጉሥ ነበር፤ የሄደው የጦር አለቃ ነበር፤ የተቈጠሩትም ሰይፍ የሚመዝዙ ሰዎች ነበሩ። በሌላ ስፍራ ደግሞ፣ በወንጌላዊው ዮሐንስ መጨረሻ ምዕራፍ፣ ሐዋርያት በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሁሉ ምንም ሳይዙ አድረው፣ በነጋው በጌታ ቃል በጣሉት መረብ የያዙት ዓሣ 153 መሆኑ ተጽፏል። በሐዲስ ኪዳን ውስጥ እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ቍጥር መገኘቱ ሊቃውንቱን ሲያስደንቅ ኖሯል፤ አውግስጢኖስ ከ1 እስከ 17 ያሉትን ቍጥሮች ቢደምር 153 ስለ ሆነለት ከዚህ ብዙ ምሥጢር አውጥቷል። እኔ ግን የሚያስደንቀኝ ከዚህ የቀለለ ነገር ነው፤ የተነሣውን ጌታ ባዩበት ማለዳ እንኳ፣ አንድ ሰው በዳርቻው ተቀምጦ ዓሣውን አንድ ሁለት እያለ ቈጥሮታል። የቈጠረውም ቀራጭ አልነበረም፤ ቀራጩ ማቴዎስ በዚያ ምዕራፍ በስም አልተጠራም። የቈጠሩት አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው።

በዳዊት ቆጠራና በሐዋርያት ቆጠራ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው፤ እኛ በስደት የምንኖረውም ልዩነቱን በገዛ ሥጋችን እናውቀዋለን። ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለፈበት ሰው በደማም ጎዳና ላይ ሲሄድ ፖሊስ እንዳይቈጥረው ይጸልያል፤ አሠሪው ደመወዙን የከለከለበት ዕለት ደግሞ እንደ ሰው የሚቈጥረው መዝገብ ባገኘ ብሎ ይመኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ የመመለሳቸው ነገር ሲጀመር፣ ይመለሳሉ ተብሎ የተገመተው ሕዝብና በመጨረሻ በቦሌ የወረደው ሕዝብ ሰማይና ምድር ነበሩ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሱት ከ160,000 በላይ ሆኑ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያውቀው መዝገብ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ፣ ድንኳኑም፣ ውኃውም፣ መሳፈሪያውም በልኩ በተሰናዳ ነበር።

ስለዚህ በጣና ዳር ሊጀመር ይገባል የምለው መዝገብ የአጥማጁ ንብረት የሆነ መዝገብ ነው። በመጋዘን ሥራ የተማርሁትን ላካፍል፤ ሦስት ቅጠል ያለው፣ ባለ ካርቦን፣ ኪስ የሚገባ ደብተር ይበቃል። አንዱ ቅጠል ለገዢው፣ ሁለተኛው ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ከደብተሩ ሳይቀደድ በአጥማጁ ቤት ይቀመጣል። በላዩ የሚሰፍረው ቀኑ፣ የወጣበት ስፍራ፣ ኪሎውና ዋጋው ነው፤ የዓሣው ዓይነት ግን በፊደል ከሚጻፍ ይልቅ፣ የቆሮሶ፣ የአምባዛና የነጭ ዓሣ ሥዕል ታትሞ፣ አጥማጁ በሥዕሉ ሥር ጭረት ቢያደርግ ይሻላል፤ ማንበብ የማይችል አባትም ጭረት ማድረግ አያቅተውምና። ነጭ ዓሣውን ከቆሮሶ ሳይለይ «ዓሣ፣ 10 ኪሎ» ብሎ የሚጽፍ ደብተር፣ ሌላ ዓሣ በሃሙር ስም እንደ ሸጠልኝ ሰው ነው፤ ድምሩ ቢሰምርም እውነቱ የለበትም።

ጽሕፈቱን ማን ይያዝ ቢባል፣ በየማለዳው በዳርቻው ዓሣ የሚረከቡት ሴቶች ቢይዙት እመርጣለሁ። ዓሣውን ከሁሉ ቀድመው የሚነኩት፣ ሆዱን ከፍተው እንቍላል መያዙንና አለመያዙን የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ፊሌቶውን ለሆቴል፣ ጭንቅላቱን ለድኻ ጎረቤት የሚያከፋፍሉትም እነርሱ ናቸው። የዓሣ ተመራማሪ በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ የሚጠይቀውን ነገር እነርሱ በየዕለቱ በቢላዋቸው ያነቡታል። ለዚህ አገልግሎት ከማኅበሩ ጥቂት አበል ቢቈረጥላቸው ከብዙ ስብሰባ አበል ይልቅ የተገባ ወጪ ነው።

ደረሰኝ የሌለውን ዓሣ እንዳይገዙ በመጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም ሆቴሎች ናቸው፤ ድኻዋን ከገበያ መልሶ ወረቀት መጠየቅ ተገቢ አይሆንምና። በባሕር ዳር አንድ ትልቅ ሆቴል በጾም ወራት በአንድ ሳምንት የሚያወጣው የዓሣ ጉላሽ በብዙ ታንኳ የተያዘ ነው፤ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ መበላቱን ግን እያየን ነው። ሆቴሉ የሒሳብ ሠራተኛ አለው፣ ሣጥን አለው፣ ግብርም ይከፍላል፤ ከአጥማጁ የተቀበለውን ቅጠል አጣብቆ ማኖር አያስቸግረውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መተማመኑ ነው። አጥማጁ ደብተሩን በያዘ በማግስቱ ገቢ ሰብሳቢው ደጁን ቢያንኳኳ፣ በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ከደንገል ጋር ይቃጠላል፤ ያቃጠለውንም አልፈርድበትም። ስለዚህ ይህ መዝገብ ለዓሣ ሀብት ጥበቃና ለአጥማጁ መብት ምስክርነት ብቻ እንጂ ለግብር መተመኛ እንዳይውል የሚያግድ ግልጽ ድንጋጌ በክልሉ ሕግ ውስጥ መግባት አለበት። የሳዑዲው ሕግ ትንሹን ነጋዴ ከግብሩ ሲያወጣ ከቍጥሩም አወጣው ብዬ ነበር፤ እኛ ከግብሩ አውጥተን በቍጥሩ ውስጥ ልናስቀረው እንችላለን። የግብሩን ነገር ያነሣ ባለ ሥልጣን ቢኖርም፣ ከታንኳ ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ነጭ ዓሣው ከጠፋ በኋላ ምን ያህል እንደሚሆን እርሱ ራሱ በደብተሩ ጀርባ ያስላው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ በኮበር ቡና ቤት ሳነሣላቸው፣ በአገር ቤት ከዚህ የከበደ ስንት ጉዳይ እያለ አንተ ስለ ዓሣ ደረሰኝ ታስባለህን ብለው ሥቀውብኛል። ሣቃቸውን አልነቅፍም፤ በዚያ ሐይቅ ዳር ዛሬ የሚሰማው ድምፅ የመቅዘፊያ ብቻ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን እምቦጭ የሚባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓመት በሐይቁ ላይ የታየ ጊዜ፣ ምን ያህል አጥማጅ መረቡን እንደ ተወ፣ ምን ያህልስ ዓሣ ከገበያ እንደ ጐደለ የጠየቀ ሰው በግምት ነበር የሚመለስለት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በሕይወት አካባቢ (ባዮስፌር) ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ ሐይቁ በፓሪስ መዝገብ ሲሰፍር፣ በሐይቁ የሚኖረው ሰው የዕለት ሽያጭ በባሕር ዳር መዝገብ የማይሰፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ለአማራ ክልል የግብርናና የእንስሳት ሀብት ሹማምንት፣ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ምሁራን፣ ለአስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የማቀርበው ልመና አጭር ነው። በአንድ ዳርቻ ብቻ፣ በአንድ መቶ ደብተር ብቻ ይጀመር፤ ለኅትመቱ ከደማምና ከኮበር የምንሰበስበው ገንዘብ አያንስም፣ እኔም የመጀመሪያውን ድርሻዬን ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ። ነጭ ዓሣው በሐምሌ ወደ ጉማራ መውጣት ይጀምራልና፣ ደብተሩ ከሰኔ በፊት ይድረስ።